ነጠላዬን ዘቅዝቄ ሞተር የነዳሁ ዕለት

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሰው ሐሳብ ሲበዛበት ሞተር አይነዳም ነበር። በእኛ ጊዜ ጭንቅ የያዘው ሰው ወይ ጣራ ገዳም ወጥቶ ሱባዔ ይገባል፣ ወይ የንስሐ አባቱን ያስጠራል፣ ወይ ደግሞ ጠላ ቤት ገብቶ ጭንቁን ለሌላው ያካፍላል። "አእምሮዬን ላናፍስ" ብሎ ብረት ላይ ፊጥ የሚል ሰው ብናይ ኖሮ አስረን ጠበል ነበር የምንወስደው። እና እኔ ዘለቀ፣ ይኸን ሽበት ተሸክሜ፣ የልጅ ልጅ ያየሁ ሰውዬ፣ ፊጥ አልኩ። ምን ትስቃለህ አንተ? ገና አልጀመርኩም እኮ! ያ ስልክህ ይቀዳል? ይቅዳ። እውነት ነው የማወራው፣ ቢቀዳ ምን ቸገረኝ።

እኔ የዚህ አገር ተወላጅ አይደለሁም፣ ታውቃላችሁ። ከደጀን ነው የመጣሁት፣ በግብርና ሥራ። ያኔ ወጣት ነኝ፣ ጸጉሬም ጥርሴም ሙሉ ነው፤ መንግሥት ሞተር ሰጠኝና የፎገራን ሜዳ ከዳር ዳር ሳካልለው ኖርኩ። በክረምት ጭቃው ሞተሩን ይውጠዋል፣ እኔ ስጎትት እውላለሁ፣ ገበሬው ደግሞ "ዛሬም ሞተሩ ዘለቀን ጋልቦት መጣ!" እያለ ይስቅብኛል። ታዲያ ወረታ አገባሁ፣ ወረታ ወለድኩ፣ ልጆቼ አድገው ባህር ዳር ገቡ፣ ጡረታ ወጣሁ፣ ሚስቴም ነፍሷን ይማርና ጥላኝ ሄደች። ያን የመሥሪያ ቤቱን አሮጌ ሞተር በጨረታ ሲሸጡት ገዛሁት። ለምን ገዛኸው ብትሉኝ እኔም አላውቀው። ግቢ ውስጥ ቆሞ ዶሮ ይሰፍርበታል።

እና ሐሳቡ ምንድን ነው? ሐሳቡ ሴት ናት! ሌላ ምን ሐሳብ አለ? (ይስቃል።) ወይዘሮ ጥሩወርቅ የዚሁ የቁሐር ሚካኤል ሰው ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ አንድ ልጇ መተማ ሰሊጥ ሥራ ወርዷል፣ እሷ ሩዟን እየዘራች ላሞቿን እያለበች ብቻዋን ትኖር ነበር። ከሥራዬ ዘመን ጀምሮ ነው የማውቃት። ገበያ በዋለ ቁጥር ታዲያ ወረታ ትመጣለች፣ ስትመለስ በእኔ ደጅ ታልፋለች፣ ሸክሟን አውርዳ አረፍ ትላለች።

"ጋሼ ዘለቀ፣ አሉ?" ትላለች።

"የት እሄዳለሁ፣ ጡረተኛና ግንድ ከቆሙበት አይነቃነቁም" እላለሁ።

ትስቃለች። ውሃ እሰጣታለሁ፣ ስለ ላሞቿ ታወራኛለች፣ የትኛዋ እንደወለደች፣ የትኛዋ ስትታለብ እንደምትራገጥ፣ የትኛዋ የሰው ሩዝ ገብታ እንዳሰደበቻት። ከዚያ ትሄዳለች። ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር የለም። ግን ልጆቼ፣ እሷ ከሄደች በኋላ እስከሚቀጥለው ገበያ ያለው ጊዜ ሁሉ ጾም ሆነብኝ። እውነቴን ነው። ጾምም ፍስክ አለው፣ ይኸ ግን የለውም።

ጓደኛዬ መምህር በላይ ነገሩ ገባው። ጡረታ አብረን ነው የወጣነው፣ አፉ ግን እስካሁን ጡረታ አልወጣም። "ሽማግሌ እንላክ" አለኝ።

"አብደሃል? እምቢ ብትልስ?"

"እምቢ ብትል እምቢ አለች ነዋ! ሞት ነው?"

"አንተ ሰው! እምቢ ካለች እኮ በእኔ ደጅ አታልፍም! ሽማግሌ ልኮ እምቢ የተባለ ሰው ደጅ ላይ ማን አረፍ ይላል? አፍራ በሌላ መንገድ ትሄዳለች። ያቺኑ ያለችኝን የገበያ ቀን ላጣት ነው?"

"ታዲያ ዝም በል።"

"ዝም ብዬስ እስከ መቼ?"

እንዲህ ስንባባል ከረምን። ብልክ ላጣት፣ ባልልክ ደግሞ ተኝቼ እንቅልፍ የለ፣ ቁጭ ብዬ ዕረፍት የለ። አንድ ጧት ታኅሣሥ ላይ፣ መንገዱም ሰላም የዋለ ቀን ነው፣ ግቢዬ ወጥቼ ያን ሞተር አየሁት። ዶሮዋን እሽ አልኳትና "ተነስ!" አልኩት ሞተሩን። እንዴት ይነሳል፣ ስንት ጊዜ ረገጥኩት መሰላችሁ፣ እግሬ ሊወልቅ ሲል እምቧ ብሎ ተነሳ! አንበሳሜ ከተማ ድረስ ነፋስ ተቀብዬ፣ ራሴ ቀለል ብሎኝ እመለሳለሁ አልኩ። አሳቤ ይኸው ነበር፣ በሚካኤል።

አሁን እዚህ ላይ አድምጡኝ። ብርድ ነው፣ እና ከኮቴ በላይ ነጠላዬን ደረብኩ። ነጠላዋን ልጄ ናት ያሸመነችልኝ፣ ጥለቷ ሰፊ ነው፣ ዓይን ይስባል። ገና ከግቢ ስወጣ ጥለቱ ወርዶ የኋላውን ካቴና ሊነካው ሆነ። ያ ካቴና ደግሞ ዘይቱ ጥቁር ነው፣ ነክቶ አይለቅም። "ኧረ የልጄ ሥራ!" ብዬ ቆምኩና ገልብጬ ለበስኳት። ጥለቱ ወደ አንገቴ፣ ነጩ ወደ ታች። አንገቴ ላይ ቋጠር፣ ወገቤ ላይ ሸብ! አለቀ። ብልህ ነኝ አልኩ በልቤ።

እናንተ ታውቃላችሁ ነጠላ ዘቅዝቆ የሚለብሰው ማን እንደሆነ። ሕፃን ያውቀዋል። ለቅሶኛ ነው! እኔ ግን ራሴ ውስጥ ካቴና እና ጥሩወርቅ ብቻ ነው ያሉት፣ ለሦስተኛ ነገር ቦታ የለም።

ይኸ ሳያንስ ደግሞ የሄልሜቱ መስተዋት ከተሰበረ ዘመን የለውም። ንፋሱ ዓይኔን ይገርፈዋል፣ እንባዬ በጉንጬ ይወርዳል፣ እኔ ግን ደስ ብሎኛል! ኧረ እንዴት ያለ ደስታ ነው! የባህር ዳሩን አስፋልት ይዤ ወጣሁ፣ ግራና ቀኙ ሩዝ ነው፣ የታጨደው ታጭዶ ተከምሯል፣ ያልታጨደው ወርቅ መስሎ ተኝቷል፣ ሳቢሳ የሚባለው ወፍ ከጭቃው ጎንበስ ቀና እያለ ይለቅማል፣ ከብቱ ቃርሚያው ላይ ተበትኗል። አፌን ከፈትኩና ጮህኩ! ዘፈን ነው እንዳልል ዜማ የለው፣ ፉከራ ነው እንዳልል ማንን እፎክርበታለሁ። ዝም ብዬ "ኧኸኸኸ!" እላለሁ፣ ወጣትነቴ ተመልሶ ከኋላዬ የተፈናጠጠ ነው የመሰለኝ።

ታዲያ የጉማራ ድልድይ ሳልደርስ እጄ በራሱ ጊዜ ታጠፈ። እጄ ነው የታጠፈው፣ እኔ ወደ አንበሳሜ ነኝ! ወደ ቁሐር በሚያስገባው በአፈሩ መንገድ ገባሁ። "እንግዲህ ቤቷን በሩቁ አይቼ ልለፍ፣ ማየት አይከለከል" አልኩት ራሴን።

መንገዱ ዳር የአያ ታከለ ማሳ ነው። አያ ታከለን የማያውቅ የለም፣ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል፣ የቁሐር ነገር አዋቂ ነው፣ ሲቆጣ ክረምት ነው። ያን ዕለት ሩዙን በደቦ ያሳጭዳል። ወንዱ በሙሉ ተሰልፎ ያጭዳል፣ ሴቶቹ ነዶ ይሰበስባሉ። እኔ ስመጣ አንዱ ቀና አለ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሁሉም ማጭዳቸውን ጣሉ! ቆባቸውን አወለቁ! አንገታቸውን ደፉ!

እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? "እንዴት ያለ ሥርዓት ያለው ሕዝብ ነው! ለአንድ ጡረተኛ እንዲህ ያለ ክብር!" አልኩ። (ረጅም ሳቅ።) እጄን አነሳሁላቸው፣ እንደ ትልቅ ሹም። እነሱ ደግሞ ሐዘን የከበደው ሰውዬ እጁን ወደ ሰማይ ሲያነሳ ነው ያዩት።

ትንሽ አለፍ እንዳልኩ መንገዱን ውሃ ማጠጫ ቦይ ቆርጦታል። ፊተኛው ጎማ ገባ፣ ቅርቅር! ብጎትት ብገፋ እምቢ አለ። ዘወር ስል ደቦው በሙሉ እየመጣልኝ ነው። አንድም ሰው አይስቅም። ፎገሬ ሞተር ጭቃ ሲገባ አይቶ ሳይስቅ! ያኔ እንኳ መጠርጠር ነበረብኝ።

ይታይሽ የምትባል ሴት አለች፣ አልቃሽ ናት፣ በለቅሶ ቤት እሷ ካልደረሰች ሟቹ ሞቷል አይባልም። እሷ ቀረበችና ክንዴን ያዝ አድርጋ "እግዜር ያጽናዎ፣ ጋሼ" አለችኝ።

"አሜን" አልኩ። ለሽማግሌ ሞተረኛ ጥሩ ምርቃት ነው ብዬ።

"ብቻዎን ይኸን መንገድ!"

"ምን ላድርግ፣ ብቻዬን መሆን ፈለግኩ።"

"አዪ! አንጀቴን በሉት!" አለችና በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች።

ወንዶቹ ሞተሩን አንስተው፣ አንስተው ነው የምላችሁ፣ እንደ ጠቦት ማዶ አሻገሩት። "እግዜር ይስጥልኝ፣ በቃ ወደ ሥራችሁ ተመለሱ" አልኳቸው።

"ኧረ አይሆንም" አለ አያ ታከለ፣ "እንከተላለን።"

"አትድከሙ፣ አያ!"

"የሰው ወግ ነው። ነገም በእኛ ነው።"

እኔ ደግሞ ወደፊት ሌላ ቦይ አለ ማለት ነው፣ እዚያም ሊያሻግሩኝ ነው አልኩ። ለምን ማን ሞተብህ ብለው አልጠየቁህም ትሉኝ ይሆናል። አይጠየቅማ! በመንገድ ላይ ያለን ለቅሶኛ "ማን ሞተ?" ብሎ ማስቆም ነውር ነው። ተከትለህ ትሄዳለህ፣ ለቅሶው ቤት ስትደርስ ታውቃለህ። እና ተከተሉኝ። እኔ ከፊት በዝግታ ድድድድ እላለሁ፣ ዓይኔ ያነባል፣ እነሱ ከኋላ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው። በየደጁ የቆመውም ያየናል፣ ማድጋውን ያስቀምጣል፣ ጋቢውን ይደርባል፣ ይከተላል።

የጥሩወርቅ ቤት ይኸው ይኸ ነው፣ ያን ጊዜም በሩ በዚያ በኩል ነው። በሩቁ አይቼ ላልፍ ነበር፣ በሚካኤል! ግን አጥሯ ጋ ስደርስ ሞተሩ እህህ አለና ጠፋ። ቤንዚን ጨርሷል። ሄልሜቴን አውልቄ ዓይኔን በነጠላዬ መጥረግ ጀመርኩ። ያን ጊዜ ይታይሽ ቦታው ደረሰ አለችና ለቀቀችው!

"ወዬው! ወዬው! ወንድሜ ወዬው!"

ወንዱ ደረቱን ደቃ። ጥሩወርቅ ሰፌድ ይዛ ሩዝ ስታበጥር ነበር፣ ወጣች። እኔን አየች፣ ነጠላዬን አየች፣ ከኋላዬ ያንን ሁሉ ሰው አየች። ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ።

"ልጄን!" አለች። "ልጄ ምን ሆነ? መተማ ምን ሆነብኝ? ተናገሩ!"

እና መሬት ላይ ቁጭ አለች። ያ ድምፅ፣ ልጆቼ፣ እስካሁን ይሰማኛል። ሳቁ ሁሉ እዚህ ላይ ያቆማል። ለካ ለእሷ መርዶ ነጋሪ ሆኜ ነው የቆምኩት! ያኔ ነጠላዬ ታየኝ፣ ደቦው ታየኝ፣ ይታይሽ ታየችኝ፣ ሁሉም ነገር ባንዴ ገባኝ። ከሞተሩ ዘልዬ እግሯ ሥር ተደፋሁ።

"ማንም አልሞተም! በሚካኤል፣ በልጆቼ፣ ማንም አልሞተም! ልጅሽ ደህና ነው! ጥሩዬ፣ ማንም አልሞተም!"

ጥሩዬ አልኩ። በሰው ፊት። አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ይታይሽ ወዬውታዋን ከመሐል ቆረጠችው። "ታዲያ ማን ሞተ?" አለች፣ ተቆጥታ። ድካሟን የበሉባት ነው የመሰላት።

"ማንም!"

"ታዲያ ምን ሆነህ ነው ዘቅዝቀህ የለበስከው?" አለ አያ ታከለ።

"ካቴናው... ጥለቱን ዘይት እንዳይነካው..."

ነጠላዬን አዩ፣ ካቴናውን አዩ። ከዚያ ከኋላ አንዱ በሳቅ ፍርፍር አለ። ሌላው ተከተለ። ከዚያ ያ ሁሉ ለቅሶኛ ሆዱን ይዞ ሜዳው ላይ ወደቀ! አንዱ ሞተሩን ተደግፎ ይስቃል፣ አንዷ "ካቴናው!" ትላለች፣ እንደገና ትወድቃለች። ይታይሽ መጥታ ነጠላዬን ከላዬ ገፈፈችና አስተካክላ አለበሰችኝ፣ እንደ ሕፃን እየገፋች። ጥሩወርቅ ስልኳን አውጥታ ልጇ ጋ ደወለች፣ ድምፁን ሰማች፣ "ምንም አይደል፣ ዝም ብዬ ናፍቀኸኝ ነው" አለችው፣ ዘጋችው፣ እና እሷም እያለቀሰች መሳቅ ጀመረች።

ያልሳቀው አያ ታከለ ነው። ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ "ዘለቀ!" አለኝ። "ሩዜን ከነማጭዱ አስጥለህ አመጣኸን፣ እሱስ ይሁን። ግን በሰው ደጅ፣ ያውም በባልቴት ደጅ፣ ለቅሶ አስገብተህ እንዲሁ ልትሄድ ነው? ይኸ እኮ ሟርት ነው! ክፉ የገባበትን ደጅ በደግ ነገር ካልሻርከው ይተርፋታል። ለመሆኑ እዚህ ምን ልትሠራ መጣህ?"

"አእምሮዬን ላናፍስ።"

"አእምሮ የሚናፈሰው ጥሩወርቅ አጥር ሥር ነው? ሌላ ሜዳ ጠፋ?"

ሁሉም ያየኛል። እሷም ታየኛለች። ዓይኗ እንደረጠበ ነው። መዋሸት አቃተኝ። ደግሞስ ምን ቀረኝ? እንዲህ አስደንግጫት ከእንግዲህ በእኔ ደጅ ታልፋለች? የገበያ ቀኔ እንደሁ ሄዷል። እና አወጣሁት።

"ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነው" አልኩ። "አስቤ አስቤ ፈራሁ። እምቢ ብትለኝ ደጄን ትተወዋለች ብዬ ፈራሁ። በቃ፣ ይኸው ነው፣ እንግዲህ ሳቁ!"

አንድም ሰው አልሳቀም። አያ ታከለ አየኝ፣ አየኝ፣ ከዚያ ዘወር አለና ሰዎቹን ቆጠር ቆጠር አደረገ። "ጋቢ ደርበናል?" አለ። "ደርበናል" አሉ። "ዱላ ይዘናል?" "ይዘናል።" "ደጅ ላይ ቆመናል?" "ቆመናል።" "ታዲያ እኛ ምንድን ነን፣ ግንድ ነን? ሽማግሌ ማለት ይኸው እኮ ነው! ተሰለፉ!"

ተሰለፉላችኋ! ለቅሶ የመጣው ሰው ሽማግሌ ሆኖ በአጥሩ ተደረደረ። አያ ታከለ ጉሮሮውን ጠረገና "እንደምን ዋልሽ፣ ጥሩወርቅ። ዘለቀ የሚባል ልጅ አለን" አለ። ልጅ! ይኸን ሽበት ልጅ!

ጥሩወርቅ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። "አያ፣ ሽማግሌ በአንድ ቀን እሺ ይባላል? በሦስተኛው ነው እንጂ። ሰው ምን ይለኛል?"

"እውነትሽን ነው፣ ወጉ ሦስት ጊዜ ነው። ነገር ግን ሩዜ አልታጨደም። ነገና ከነገ ወዲያ መመላለስ አንችልም" አለ አያ ታከለ። አሰበ። ከዚያ በዱላው ማሳዋ ላይ የተከመረውን ሩዝ አሳየ። "ያን ክምር ዞረን እንምጣ። ሄደን መጣን ማለት ነው።"

እና ዞሩ! ያ ሁሉ ሽማግሌ አንድ ባንድ፣ ቀስ ብሎ፣ በቁም ነገር፣ ክምሩን ዞሮ መጣ። እኔ ሞተሬን ይዤ ቆሜ እጠብቃለሁ። "እንደምን ሰነበትሽ፣ ጥሩወርቅ!" አለ አያ ታከለ ሲመለስ፣ ወር የተለያዩ ይመስል። እሷም "እንኳን ደህና መጣችሁ" አለች። "ያ ነገራችን እንዴት ሆነ?" "ላስብበት፣ አያ።" እንደገና ዞሩ። ይታይሽ ከኋላ ሆና እልል ልትል አፏን ሰብስባ ትጠብቃለች፣ ማልቀሱ ከከሸፈባት ቢያንስ ይኸ አይምለጠኝ ብላ።

በሦስተኛው መጡ። ላብ አጥምቋቸዋል። ጥሩወርቅ ቀና አለች። "እሺ እላለሁ" አለች፣ "ግን እኔ ወረታ አልገባም። ላሞቼን አስፋልት ላይ ላስግጣቸው ነው? እሱ ይምጣ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የወረታ ቤቴ አለ፣ ልጆች ያሳደግሁበት። ሚስቴን የቀበርኩት እዚያው ነው። ይኸን ሁሉ ላስብ ነበር፣ ግን አፌ "እመጣለሁ!" ብሎ ጨርሷል። አሁንስ ይኸን አፍ እወደዋለሁ። ይታይሽ እልልታዋን ለቀቀችው፣ አያ ታከለ ግን ወዲያው "በሉ፣ ማጭድ!" ብሎ ሁሉንም እየነዳ ወሰዳቸው፣ እኔንም ጨምሮ። የሽማግሌ ውለታ ነው አለና እስኪመሽ ሩዝ አሳጨደኝ።

ማታ ለልጄ ደወልኩላት። "አባዬ፣ አእምሮህን ልታናፍስ ወጥተህ ሚስት ይዘህ ገባህ?" አለች። "አልገባሁም፣ ልገባ ነው" አልኳት። ሁለት ቀን አኮረፈች፣ በሦስተኛው መጣች፣ ጥሩወርቅን አየቻት፣ አሁን ከእኔ ይልቅ ለእሷ ነው የምትደውለው።

እንግዲህ በእኛ ጊዜ ሰው ጠበል ይሄድ ነበር አልኳችሁ። አሁንም ሂዱ፣ አልከለከልኩም። ግን ጭንቃችሁ ሰው ከሆነ ወደ ሰውዬው ነው መንዳት፣ ሌላው ሁሉ ቤንዚን መጨረስ ነው። ይኸው እሷም እዚያ ቆማ ትሰማለች። ዋሽቻለሁ፣ ጥሩዬ?

ወይዘሮ ጥሩወርቅ፦ "ዋሽተሃል እንጂ! ሞተሬን ይዤ ቆምኩ ይላል፣ አታፍርም? ልጆች፣ እኔ እኮ በመጀመሪያው ዙር እሺ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ይኸ ሰውዬ፣ ራሱ ጠያቂው፣ ከሽማግሎቹ መጨረሻ ተሰልፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ክምሩን ሲዞር አየሁት። 'ኧረ አንድ ጊዜ ደግሞ ይዙርልኝ' አልኩ።"